የዐፄ ቴዎድሮስ ባሩድ

በቅርቡ ከአዲስ አበባ ወደ ሰንዳፋ ስሄድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከመንገዱ ላይ ቆመ። ምን እንደ ሆነ ለማወቅ አንገታችንን በመስኮት ብናወጣ፥ ቀይ ጨርቅ በእንጨት ላይ ያሰረ አንድ ወጣት ሠራተኛ ከፊታችን እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ከመንገዱ ራቅ ብሎ ካለው የድንጋይ ካባ ድንጋይ ሊፈነዳ ስለ ሆነ፥ እስኪፈነዳ ድረስ ማንም ሊያልፍ እንደማይችል ነገረን። ከመካከላችን ክራቫት ያሰረና ቦርሳ የያዘ አንድ ጐልማሳ የቢሮ ሰው ሰዓቱን እያየ፥ ስብሰባ እንዳለበትና ለሁለት ደቂቃ ማለፍ ምንም እንደማያመጣ እየተናገረ ሾፌሩን ይወተውተው ጀመር። ባለ ቀዩ ጨርቅ ልጅ ግን ፍንክች አላለም። ጥቂት እንደ ቆየን መሬቱ ነዘር አለ፤ ከጕብታው ማዶ አቧራ ተነሣ፤ ጠጠርም እንደ በረዶ ሲወርድ ተሰማ። ከዚያ በኋላ ልጁ ጨርቁን ዝቅ አድርጎ በትሕትና አሳለፈን። ባለ ክራቫቱ ሰው እስከ ሰንዳፋ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረም።

ሰንዳፋ ከለገጣፎ ቀጥላ ከዋናው ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ የምትገኝ፥ የፖሊስ ማሠልጠኛ በመሆኗ ብዙ ወጣት የሕዝብ አገልጋዮች የሚያውቋት ከተማ ናት። በመካከሏ የሚያልፈው መንገድ ወደ ደብረ ብርሃን፥ ከዚያም ወደ ደሴ ይዘልቃል። ከደሴ ወደ ሰሜን ምዕራብ በወሎ ተራሮች መካከል የሄደ ሰው ደግሞ መቅደላን ያገኛል። በመቅደላ አምባ ላይ እስከ ዛሬ ድረስ በግማሽ አካሉ መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ትልቅ መድፍ አለ። በአዲስ አበባም በቸርችል ጎዳና አጠገብ በቴዎድሮስ አደባባይ የዚሁ መድፍ አምሳያ ቆሞ ይታያል። ብዙዎቻችን ወደ ሥራችንና ወደ ትምህርት ቤታችን ስንሄድ በአጠገቡ እናልፋለን፤ ነገር ግን ያ መድፍ ስለ ምን እንደ ተሠራ፥ በውስጡ ሊነድ ስለሚገባው ባሩድም ምን ያህል እውቀት ያስፈልግ እንደ ነበረ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ስለዚህ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሕይወት ይሆናል፤ የምንተርከውም ከጀግንነታቸው በኩል ብቻ ሳይሆን ከባሩዳቸው በኩል ነው።

የቋራው ካሣ

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፥ እናቱም ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞቱ እናቱ በችግር ላይ ወድቀው እንደ ነበረና ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበረ ጠላቶቹ በኋላ ዘመን እያነሡ ይሰድቡት ነበር። ልጁ በገዳም ገብቶ ንባብና ዳዊት ተማረ። ገዳሙ በጦር ሲመዘበር ከሞት አምልጦ፥ በምዕራቡ ድንበር ላይ ከግብፆች ጋር ይዋጉ ወደ ነበሩት ወደ ዘመዱ ወደ ደጃዝማች ክንፉ ዘንድ ተጠጋ። ከእርሳቸው ሞት በኋላ ርስትና ግዛት ስለ ተነፈገ፥ የዘመኑ ጐበዝ ሁሉ ያደርገው እንደ ነበረ በቋራ በረሓ ሸፈተ።

ያ ጊዜ ዘመነ መሳፍንት የሚባለው ነው። በጎንደር የነበሩት ነገሥታት ስም ብቻ ቀርቷቸው አገሪቱን መሳፍንቱ ተከፋፍለው ይገዟት ነበር። ጠመንጃ ያለው መስፍን ጠመንጃ የሌለውን ያስገብራል፤ ለባሕር በር የቀረበው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ጠመንጃ ያገኛል። የትግሬና የሰሜኑ ገዢ ደጃዝማች ውቤ በዚህ የታወቁ ነበሩ። በበረሓ ያደገው ካሣ ግን ጋሻና ጦር የያዙ፥ በልባቸው የሚታመኑ ጓደኞች እንጂ መሣሪያ አልነበረውም። ቢሆንም በብልኃትና በድፍረት እየበረታ ስለ ሄደ የየጁው ራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ሊያጠፉት እንደማይችሉ ባዩ ጊዜ፥ የራስ ዓሊን ልጅ ወይዘሮ ተዋበችን ዳሩለት።

በ1840 ዓ.ም. ካሣ ጦሩን ይዞ ወደ ምዕራብ ወረደና ደባርቂ በተባለው ቦታ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ተጋጠመ። ግብፆቹ በምሽግ ውስጥ ሆነው፥ ሥርዐት ይዘው፥ በመድፍ ጠበቁት። የካሣ ፈረሰኞች እንደ ልማዳቸው በድፍረት ገቡ፤ መድፉም አጨዳቸው። ካሣ የተረፈው በመከራ ነው። በሕይወቱ ከደረሱበት ሽንፈቶች ይህን ያህል ልቡን የነካው የለም ለማለት ይቻላል። ጀግንነት ብቻውን መድፍ ካለው ሥርዐተኛ ጦር ፊት እንደማይቆም በዚያን ቀን ተረዳ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ስለ ጦር ሥልጠናና ስለ መሣሪያ ማሰብ የዕለት ሥራው ሆነ።

ከዚህ በኋላ የካሣ እርምጃ ፈጣን ነበር። በኅዳር 1845 ዓ.ም. በጕር አምባ ደጃዝማች ጎሹን ድል አደረገ፤ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በአይሻል የአማቱን የራስ ዓሊን ኀይል ሰበረ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ደጃዝማች ውቤን ማረከና በዚያው ለውቤ በተሠራችው በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ። በሚቀጥለው ዓመት ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ወርደው አገሩን አስገበሩ፤ ሕፃኑን ምኒልክንም ይዘው ተመለሱ። እኛ በአውቶቡስ የምንመላለስበት ይህ የሸዋ ደጋ በዚያን ጊዜ የመንግሥታቸው ደቡባዊ ዳርቻ ሆነ።

ባሩድ ምንድን ነው?

እዚህ ላይ ታሪኩን ጥቂት አቁመን ስለ ባሩድ መነጋገር ይገባናል፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር አይገባንም።

ባሩድ የሦስት ነገሮች ድብልቅ ነው። አንደኛው ከሰል፥ ሁለተኛው ድኝ፥ ሦስተኛውም ፖታሲየም ናይትሬት የሚባለው ነጭ ጨው ነው፤ ከመላው ድብልቅ ሦስት አራተኛ ያህሉን የሚይዘው ይህ ጨው ነው። ከሰሉና ድኙ የሚነዱ ናቸው። ጨው ግን ራሱ አይነድም፤ በሆዱ የተሸከመውን ኦክሲጅን ሲሞቅ ይለቃል። የምድጃ እሳት አየር ሲያጣ ይከስማል፤ እናቶቻችን እፍ የሚሉትም ስለዚህ ነው። ባሩድ ግን አየሩን በራሱ ውስጥ ይዞ ስለሚዞር በተዘጋ የመድፍ ሆድ ውስጥም ይነዳል። በዛሬው ዘመን ሮኬት ወደ ሰማይ የሚያነሣው ጠጣር ነዳጅም ሆነ በድንጋይ ካባ የሚፈነዳው የናይትሬትና የናፍጣ ድብልቅ በዚሁ ሐሳብ ላይ የተመሠረተ ነው፤ የሚነደውና የሚያነደው ለየብቻ የነበሩ ሁለት ነገሮች በአንድነት ተደባልቀው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

እንዲህ ያለው ድብልቅ ጠባዩ የሚወሰነው በምንነቱ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ነገር የቅንጣቱ መጠን ነው። ገለባ ቦግ ብሎ ይጠፋል፤ የወይራ ግንድ ግን ሲጨስ ያድራል። ሁለቱም ዕፅዋት ሲሆኑ ልዩነታቸው እሳቱ የሚይዘው የገጽ ስፋት ነው። ባሩድም እንደዚሁ ደቃቁ በፍጥነት፥ ጎላ ጎላ ያለው በዝግታ ይነዳል። ለትንሽ ጠመንጃ የሚስማማው ደቃቅ ባሩድ ለትልቅ መድፍ ቢሰጥ ጥይቱ ገና ከቦታው ሳይነቃነቅ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነድና መድፉን ያስጨንቀዋል። ቶማስ ሮድማን የተባለው የአሜሪካ መኮንን ለትላልቅ መድፍ ትላልቅ ቅንጣት ያለው ባሩድ እንደሚያስፈልግ በሙከራ ያስረዳው ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን ነበር።

ሁለተኛው ነገር ግፊት ነው። ባሩድ በሜዳ ላይ ተበትኖ ቢለኰስ እሽ ብሎ ነዶ ይጠፋል። በተዘጋ ነገር ውስጥ ሲሆን ግን ከእሳቱ የሚወጣው ጋዝ መውጫ አጥቶ ግፊቱ ይጨምራል፤ ግፊቱ ሲጨምር ደግሞ ባሩዱ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ግፊቱ እንደገና ይጨምራል። ክዳኑ የታሰረበት ድስት እንደማለት ነው። ስለዚህ ባሩዱን በእጥፍ የጨመረ ሰው የመድፉን ጭንቀት በእጥፍ ብቻ የጨመረ መስሎት ከሆነ ተሳስቷል፤ ጭንቀቱ ከእጥፍ እጅግ ይበልጣልና። ብረቱ በሚቀልጥበትና በሚፈስበት ጊዜ አረፋ ይዞ ከሆነ ወይም ቀጭን ስንጥቅ ካለበት፥ መጀመሪያ የሚከዳው በዚያ በኩል ነው።

ሦስተኛው ነገር አያያዝ ነው። ባሩድ ብልጭታን፥ ፍትጊያንና ሙቀትን ይፈራል። እርጥበት ያገኘው እንደ ሆነ ደግሞ ጨው ውሃ ይስብና ድብልቁ ይበላሻል፤ በተፈለገ ጊዜ አይነድም። ከነደደም በኋላ ወደ ጋዝ የሚለወጠው ከግማሽ ያነሰ ሲሆን የቀረው ጭስና ጥላሸት ሆኖ የመሣሪያውን አፍ ይዘጋል። እንግዲህ ባሩድን ማዘዝ የሚቻለው መጠኑን ለሚያውቅ፥ ለሚያደርቅ፥ ለሚመዝንና ለሚጠነቀቅ ሰው ብቻ ነው። በጦርነት የሚያስፈልገው ድፍረት ለዚህ ሥራ አንዳች ጥቅም የለውም።

ጋፋት

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በአገራችን ባሩድ አልጠፋም ነበር። ድኙ ከአፋር ቆላ ይመጣል፤ ከሰሉ በየመንደሩ አለ፤ ባላገሩም በዘልማድ እየቀመመ ይጠቀም ነበር። ነገር ግን በእጅ የሚቀመመው ባሩድ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ የዛሬው ብርቱ ሲሆን የነገው ደካማ ይሆናል። ለአንድ ጠመንጃ ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል፤ ለመድፍ ግን ትልቅ አደጋ ነው።

ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መሣሪያ ከመለመን ይልቅ ጥበቡን ወደ አገራቸው ማምጣት እንደሚሻል ገብቷቸው ነበር። ይህ ሐሳብ በዚያ ዘመን ከነበሩት መሪዎች ሁሉ ልዩ የሚያደርጋቸው ነው። ሊቀ መኳስ ዮሐንስ ብለው የሾሙት እንግሊዛዊው ጆን ቤልና የእንግሊዝ ቆንሲል የነበረው ፕላውደን ስለ አውሮፓ ሥልጣኔ አጫውተዋቸዋል። ሁለቱም በ1852 ዓ.ም. ገደማ በሽፍቶች እጅ ተገደሉ። ከስዊስ አገር ከባዝል አጠገብ ከነበረው የክሪሾና ማሠልጠኛ የመጡ ወንጌላውያን የእጅ ሙያ ስለ ነበራቸው፥ ንጉሡ ከደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መንደር አሰፈሯቸው። ቫልድማየር፥ ዛልሙለር፥ ቤንደርና ማየር ከእነርሱ መካከል ነበሩ። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨመሩላቸው።

እነዚህ ሰዎች መንገድና ጋሪ ሲሠሩ ቆዩ። አንድ ቀን ግን ዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ እንዲያቀልጡ አዘዟቸው። ሰዎቹ ሙያችን አይደለም ብለው ለመኑ። ንጉሡ የሠራተኞቻቸው አገልጋዮች እንዲታሰሩ ስላደረጉ፥ ሳይወዱ በግድ ሙከራውን ጀመሩ። የመጀመሪያው ምድጃ ከሙቀቱ የተነሣ ከሸፈ፤ ሌላ ጭቃ ተፈልጎ እንደገና ተሠራ፤ እርሱም አልተሳካም። ብዙ ከደከሙ በኋላ ብረቱ ቀልጦ በቅርጹ ውስጥ ፈሰሰና መድፍ ወጣ። የንጉሡ ደስታ ወሰን አልነበረውም፤ ሠሪዎቹንም በብዙ ሽልማት አከበሩ። በጋፋት ኢትዮጵያውያን ልጆችም ከውጭ አገር ሠራተኞች ጋር አብረው ብረት ሲያቀልጡና ሲቀጠቅጡ ይውሉ ነበር። የዘመናዊ ሥራ ትምህርት ቤት በአገራችን የጀመረበት ቦታ ይፈለግ ከተባለ ጋፋትን መዝለል አይቻልም።

ከመድፎቹ ሁሉ ትልቁ በክራይሚያ ጦርነት በታወቀው ከተማ ስም ሴባስቶፖል ተባለ። ክብደቱ ሰባት ቶን ያህል፥ ማለት ሰባ ኩንታል ነበር። የተሠራበት ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር 1867 ገደማ ሲሆን፥ በዚያው ዓመት ስዊድናዊው አልፍሬድ ኖቤል የዲናሚትን ፓተንት አወጣ። ኖቤል ከሦስት ዓመት በፊት በስቶክሆልም በናይትሮግሊሰሪን ፍንዳታ ታናሽ ወንድሙን ኤሚልን አጥቶ ነበር። ከዚያ በኋላ የደከመው ኀይልን ለመጨመር አልነበረም፤ ያንን ቁጡ ፈሳሽ ከለስላሳ አፈር ጋር ደባልቆ ሰው ሳይጐዳ ሊያዝ የሚችል ማድረግ ነበር። እንግዲህ በአንድ ዓመት ውስጥ፥ በአንድ በኩል የፈንጂን ጠባይ ለመግራት የሚጣጣር ሰው፥ በሌላ በኩል ደግሞ ከሁሉ የሚበልጥ መድፍ ለማግኘት የሚጣጣር ንጉሥ እናያለን። ሁለቱም ትልቅ ሰዎች ናቸው፤ ጥያቄያቸው ግን የተለያየ ነበር።

ወደ መቅደላ

በዚህ ጊዜ የንጉሡ ነገር እየጠበበ ሄዶ ነበር። የሚወዷት ባለቤታቸው ወይዘሮ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ሞተውባቸዋል። ለወታደሩ ደመወዝ ለመስጠት፥ ዝርፊያን ለማስቀረትና የቤተ ክህነትን መሬት ለመወሰን ያደረጉት ሙከራ ካህናቱንም መኳንንቱንም አስቆጣ። አንዱን አውራጃ ሲያስገብሩ ሌላው ይሸፍታል። ንጉሡም በቁጣ ላይ ቁጣ ጨመሩ፤ በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን አቃጠሉ። አንድነትን ያመጣል ተብሎ የተጀመረው ግፊት ሕዝቡን ማስጨነቅ ጀመረ።

በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ መልስ ሳያገኝ ቀረ። በዚህ ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንሲል ካሜሮንን አሰሩ፤ በኋላም መልእክተኛ ሆኖ የመጣው ሆርሙዝድ ራሳም ራሱ ታሰረ። ንጉሡ ሰዎቹን ለመልቀቅ ከጠየቁት ነገር አንዱ መድፍና ጠመንጃ የሚሠሩ ባለሙያዎችና የማቅለጫ መሣሪያ እንዲላክላቸው ነበር። የእንግሊዝ መንግሥትም ባለሙያዎቹን ቀጥሮ እስከ ምጽዋ ካደረሰ በኋላ እስረኞቹ ባለመለቀቃቸው እንዲመለሱ አደረገ። ዐፄ ቴዎድሮስ በብርቱ ይመኙት የነበረው እውቀት ባሕሩ ዳር ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው። በእርሱ ፋንታ የመጣው ጄኔራል ናፒየር ነው። አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደርና አርባ አራት ዝሆኖች ይዞ ዙላ ላይ ወርዶ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመረ።

ንጉሡ በመስከረም 1860 ዓ.ም. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ሴባስቶፖልን በጋሪ ላይ ጭነው፥ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች በጠፍር እየጐተቱት፥ መንገድ በሌለበት ተራራና ገደል መንገድ እያወጡ ስድስት ወር ያህል ተጓዙ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ ይሠሩ ነበር። ይህን ጉዞ የተመለከቱ የውጭ አገር ሰዎች፥ ጠላቶቻቸውም ጭምር፥ አድንቀው ጽፈዋል። በመጋቢት መጨረሻ ገደማ መድፉ ከመቅደላ ደረሰ።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ነበር። የእንግሊዝ ጦር በእሮጌ ሜዳ ላይ ሲታይ ንጉሡ በፋላ ተራራ ላይ መድፎቻቸውን አስቀምጠው፥ ፊታውራሪ ገብርዬ ሠራዊቱን ይዞ እንዲወርድ አዘዙ። በመድፉ በኩል የሆነው ነገር የሚያሳዝን ነው። ከትላልቆቹ አንዱ ባሩድ ከልክ በላይ ስለ ተጨመረበት ገና ሲተኰስ ፈነዳ። የሌሎቹም ጥይት ከከፍታ ወደ ታች የተተኰሰ ስለ ሆነ በእንግሊዞቹ ራስ ላይ እያለፈ ወደቀ። ስድስት ወር ሙሉ በትከሻና በጠፍር የመጣው ኀይል በጦርነቱ ላይ ለውጥ ሳያደርግ ቀረ።

በእንግሊዞች በኩል የነበረው መሣሪያ በኋላው የሚጐርስ ስናይደር ጠመንጃ ነው። ባሩዱ በፋብሪካ ተመዝኖ፥ ከጥይቱ ጋር በቀለህ ውስጥ ታሽጎ የመጣ ስለ ሆነ እርጥበት አይገባበትም፤ ወታደሩም በድንጋጤ ጊዜ መጠኑን ሊያበዛ ወይም ሊያሳንስ አይችልም። የባሕር ኀይላቸውም ሮኬት ይተኩስ ነበር። የእኛ ሰዎች ግን ባሩድና ጥይት ለየብቻ በአፈሙዝ እያጐረሱ የሚተኩሱ ነበሩ። በጀግንነት እንደማይበለጡ እንግሊዞቹ ራሳቸው መስክረዋል። ፊታውራሪ ገብርዬ ወደቀ፤ ከእርሱም ጋር ሰባት መቶ ያህል ሰው ሞተ፤ የቈሰለውም ከሺህ በላይ ነበር። ከእንግሊዞች በኩል የቈሰሉት ሃያ ያህል ሲሆኑ የሞቱት ሁለት ብቻ ናቸው። የደባርቂ ትምህርት ከሃያ ዓመት በኋላ እንደገና ተደገመ።

በሦስተኛው ቀን፥ ሚያዝያ 6፥ እንግሊዞች በአምባው ላይ ወጡ። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊያስታውሱት የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሩን በባሩድ እንዲያፈርሱ የታዘዙት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ከበሩ ደርሰው ሲመለከቱ ባሩዱንና መሰላሉን ረስተው መጥተዋል። ያን ያህል ዝግጅት ያደረገ፥ ዝሆን ሳይቀር ከሕንድ ያመጣ ጦር፥ ዋናውን ነገር ረሳ። ወታደሮቹ በአጥሩ ላይ ተንጠላጥለው ባይገቡ ኖሮ ከበሩ ሥር ብዙ ሰው ሊያልቅባቸው ይችል ነበር። ስሕተት እንግዲህ የአንድ ሕዝብ ብቻ ገንዘብ አይደለም። ልዩነቱ አንደኛው ወገን ስሕተቱን የሚሸከም ትርፍ ሲኖረው፥ ሌላኛው የሌለው መሆኑ ነው።

ዐፄ ቴዎድሮስ በጠላት እጅ ከመውደቅ ሞትን መረጡ። ከንግሥት ቪክቶሪያ በስጦታ በመጣላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ እንግሊዞች መድፎቹን ሰባብረው፥ አምባውን አቃጥለው፥ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ተመለሱ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞተ። ሴባስቶፖል ግን ከክብደቱ የተነሣ ማንም ሳይወስደው በዚያው ቀረ።

የሚቀረን ትምህርት

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ፍጻሜያቸውን ነው። ይህ ጸሐፊ ግን ስለዚያ ስለ ፈነዳው መድፍ ማሰቡን ሊተው አልቻለም። መድፉ የፈነዳው አሳብ ስለ ጐደለ አይደለም፤ ጕልበትም ድፍረትም አልጐደለም። የጐደለው ከሚዛኑ አጠገብ ቆሞ ይህ በዝቷል የሚል አንድ ሰው ነው። ምናልባት መጠኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ምናልባትም ነበረ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ በንጉሡ ሰፈር ፍርሃት ነግሦ ስለ ነበረ በዝቷል ብሎ ለመናገር ከመድፍ ፊት ከመቆም የበለጠ ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ጋፋት ብረት ማቅለጥን አስተማረ፤ ለማቆም የሚናገርን ሰው ማክበርን ግን ሊያስተምር ጊዜ አላገኘም።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የጥይት መጋዘን ፈንድቶ ብዙ ሰው አልቋል፤ ስለ 1977ቱ ረኀብ ለዓለም ያሳየው የፊልም አንሺ ሞሐመድ አሚን አንድ እጁን ያጣው በዚያ አደጋ ነው። በሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. በቤይሩት ወደብ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈንድቶ ከሁለት መቶ የሚበልጥ ሰው ገደለ። ያ ጨው ለብዙ ዓመት በመጋዘን ውስጥ ተከማችቶ ሲቀመጥ፥ አደገኛ መሆኑን የሚያስጠነቅቁ ደብዳቤዎች ከቢሮ ወደ ቢሮ ይመላለሱ ነበር። ደብዳቤዎቹ በሰዎች ጠረጴዛ ላይ ያደሩ መሆናቸውን ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ልብ ሊሉት ይገባል። ፋይል ማንቀሳቀስ እንደ ቀላል ነገር ይታያል፤ አንዳንድ ፋይል ግን ባሩድ ነው።

ለተማሪዎችም የሚሆን ነገር አለ። ባሩድ የሚያስተምረን እውቀት ማለት ነገሩ ምን እንደሚሠራ ማወቅ ብቻ አለመሆኑን ነው። ስንት ሲሆን ይጠቅማል፥ ስንት ሲሆን ይገድላል፥ በምን ሁኔታ ይቀመጣል፥ ማን ይጠብቀዋል ብሎ መጠየቅም እውቀት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያውን ጥያቄ ከማንም በፊት ጠየቁ፤ ክብራቸውም በዚህ ይኖራል። የቀሩትን ጥያቄዎች ለእኛ ትተውልናል።

ከሰንዳፋ ስመለስ አውቶቡሳችን በዚያው ቦታ አለፈ። ካባው ጸጥ ብሏል፤ ሠራተኞቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ባለ ቀዩ ጨርቅ ልጅ ግን ከመንገዱ ዳር ተቀምጦ የሚጭነው መኪና ይጠብቅ ነበር። ጨርቁን በጥንቃቄ ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል። ማንም አላመሰገነውም፤ እርሱም ምስጋና የሚጠብቅ አይመስልም። እኔ ግን በመስኮት በኩል እጄን አነሣሁለት።